ነፋስ ከበረታ አውሮፕላኑ ቶሎ አይነሳም ወይ? ከ34 መልስ በኋላ

ጥያቄውን የለጠፍኩት ተናድጄ ነበር። ስለዚህ ከንዴቱ ልጀምር።

እናቴ ከደሴ መጥታ ሲያትል እኛ ጋ ሦስት ወር ቆይታለች። በመጣች በሳምንቷ ሌክ ዩኒየን የሚባለው ሐይቅ ዳር ይዣት ስወጣ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ውሃው ላይ ስታርፍ አየች። በጎማ ፈንታ ሁለት ጠባብ ጀልባ የመሰሉ እግሮች ያሏት ናት። እዚህ ያለን ሰዎች ሲፕሌን እንላታለን፤ እግሮቿን ደግሞ ፍሎት። እናቴ ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ስልክ በተደወለ ቁጥር ደሴ ላለው ዘመድ ሁሉ ስለዚያች ዳክዬ አውሮፕላን ታወራለች። ልትመለስ ጥቂት ቀን ሲቀራት የ20 ደቂቃ የከተማ ጉብኝት ቲኬት ቆረጥኩላት።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሏል። እናቴ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን ደርባ ሲፕሌኖቹ የሚታሰሩበት ዶክ ላይ ቆመች። እኔ ፎቶ አነሳኋት። ነፋስ እንደነበር አልክድም። ግን ዛፍ የሚገነድስ አልነበረም፤ ቢበዛ ቆብ ይነጥቃል። ፓይለቱ መጣ። ውሃውን አየ። ስልኩን አየ። ተመልሶ ውሃውን አየ። አምስት ደቂቃ ያህል እንደዚያ ቆመ። ከዚያ ወደ እኛ መጥቶ ዛሬ እንደማንሄድ ነገረን። ገንዘባችን እንደሚመለስ፣ ከፈለግን ሌላ ቀን እንደሚይዝልን በትህትና አስረዳን። ሌላ ቀን የት አለን! እናቴ ሰኞ ተሳፋሪ ናት።

ማታ ቤት ገብቼ አቪዬሽን ወዳዶች የምንሰባሰብበት የአማርኛ መድረክ ላይ ጻፍኩ። ሐሳቤ ይህ ነበር። አውሮፕላን የሚነሳው ፊቱን ወደ ነፋስ አዙሮ ነው። ክንፉ የሚፈልገው የአየር ፍጥነት ነው፤ የመሬት ፍጥነት አይደለም። ነፋሱ 20 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ አውሮፕላኑ ገና ሳይንቀሳቀስ 20 ኖት በነፃ አግኝቷል። ታዲያ ነፋስ ሲበረታ ቶሎ ይነሳል እንጂ ለምን ይቀራል? ሰውየው ሰንፎ ነው ወይስ እኔ የማላውቀው ነገር አለ?

በአራት ቀን 34 መልስ መጣ። አንዳንዱን ሦስቴ አንብቤዋለሁ። አንዳንዱን ባላነበብኩት ይሻል ነበር።

1ኛው መልስ ሰላምታና ማጽናኛ ነው። ለእናቴ ደኅና ግቢ በልልኝ ካለ በኋላ እሱም አንዴ በጭጋግ ምክንያት እንደቀረበት ጻፈ። 2ኛው ሙሉ በሙሉ ከእኔ ጋር ተስማማ። ሒሳቡ ትክክል እንደሆነ፣ ድርጅቶች ደግሞ ኢንሹራንስ ፈርተው ሰው እንደሚያጉላሉ ነገረኝ። እውነቱን ልናገር፣ ይህን ሳነብ ደስ ብሎኝ ነበር።

3ኛው ላይ ነው ነገሩ የተገለበጠው። የጻፈው ሲያትል አጠገብ ሬንተን ውስጥ በሲፕሌን የተማረ፣ የግል አብራሪነት ፈቃድ ያለው ሰው ነው። ሒሳቤን አልነቀፈም። ግማሹን ብቻ እንደሠራሁት ነው የነገረኝ። እኔ ያሰብኩት ሳይቆራረጥ የሚነፍስ ነፋስ ነው። እንደዚያ ዓይነቱ በእርግጥ ወዳጅ ነው። ችግሩ ፓይለቶች ገስት የሚሉት፣ ድንገት ሽው ብሎ መጥቶ ድንገት የሚረግበው ነው።

ምሳሌ ሰጠኝ። አንዲት ሲፕሌን ለመነሳት 50 ኖት የአየር ፍጥነት ትፈልጋለች እንበል። ውሃው ላይ 30 ኖት እየሮጠች ነው። ከፊት 25 ኖት ገስት መጣ። ክንፏ ላይ ያለው ፍጥነት 55 ሆነ፤ ተነሳች። ሁለት ሰከንድ ቆይቶ ነፋሱ ወደ 12 ረገበ። አሁን ክንፏ ላይ ያለው 42 ነው። አየር ላይ ናት፤ ግን መብረር አትችልም። ክንፍ የሚሰጠው የማንሳት ኃይል ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ከ55 ወደ 42 መውረድ ማለት፣ የክንፉ አንግል ካልተቀየረ፣ ከ40 በመቶ በላይ የማንሳት ኃይል ማጣት ነው። ካልኩሌተር አውጥቼ ደግሜ ሠራሁት። ልክ ነው። በነፃ አገኘሁ ያልኩትን 20 ኖት ነፋሱ አበድሮኝ ኖሯል፤ ሲያሻው ይቀበለኛል።

እዚህ ላይ እጅ የሚሠራው ስህተት አለ አለኝ። አውሮፕላኗ ስትሰምጥ ሲሰማው የሰው እጅ በደመ ነፍስ መሪውን ወደ ራሱ ይስባል። አፍንጫዋ ይቀናል። ክንፉ ከአየሩ ጋር የሚሠራው አንግል ይበዛና ስቶል ይመጣል፤ አየሩ ክንፉን ተከትሎ መፍሰሱን ይተዋል። ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ላይ ነው። በአብዛኛው የአሜሪካና የካናዳ አውሮፕላን ፕሮፔለሩ ከፓይለቱ ወንበር ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ይሽከረከራል። ያ ደግሞ ሙሉ ጉልበት ላይ፣ አፍንጫ ቀና ሲል፣ ወደ ግራ ይጎትታል። የግራ ክንፍ ይወድቃል። ከፍታው አሥር ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ማስተካከያ ጊዜ የለም።

4ኛው ሰው ምንም ሳያብራራ አንድ ቪዲዮ ለጠፈ። የጃንዋሪ 7፣ 2025ቱ ነው፤ ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ሮትነስት ደሴት፣ ቶምሰን ቤይ። ሴስና ካራቫን የምትባል ሲፕሌን ነች፤ ሰባት ሰው ይዛ ወደ ፐርዝ ልትመለስ ነበር። ከውሃው ተላቀቀች፣ አፍንጫዋ ቀና፣ ወደ ግራ ዘነበለች፣ ክንፏ ውሃ ነካ። ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ ፓይለቱ አንዱ ነው። ቪዲዮውን አንዴ ብቻ አየሁት። ሁለተኛ ማየት አልቻልኩም። እናቴ በዚያ ሰዓት ሳሎን ቁጭ ብላ ሻንጣዋን ትሸክፍ ነበር።

5ኛው፣ የመድረኩ አወያይ፣ በሞተ ፓይለት ላይ ማንም እንዳይፈርድ ለመነ። መርማሪዎች ወር ቆጥረው የሚሠሩትን እኛ ስልክ ይዘን በሁለት ደቂቃ እንዳንጨርሰው አሳሰበ። ልክ ነው። እኔም እዚያው አቆማለሁ።

6ኛው የእኔ ነው። አሁንም ልሸነፍ አልፈለግኩም። በዚያው ቅዳሜ የሲያትል ዋናው ኤርፖርት ሲታክ ላይ ጄቱ ሁሉ ሲነሳ ሲያርፍ ውሎ ነበር፤ ነፋሱ አንድ ነው፤ ለእነሱ ያልከበደ ለእኛ ለምን ከበደ ብዬ ጠየቅኩ። 7ኛው በሁለት አረፍተ ነገር መለሰልኝ። ትልቁ ጄት ሲነሳ ፍጥነቱ ከ130 ኖት በላይ ስለሆነ 10 ኖት ቢጎድልበት ብዙም አይሰማውም። ደግሞም የሲታክ አስፋልት ሞገድ የለውም።

ሞገዱን ረስቼው ነበር። 8ኛው አላስካ፣ አንኮሬጅ የሚኖር ታክሲ ነጂ ነው። ሌክ ሁድ አጠገብ ደንበኛ ሲጠብቅ ሲፕሌን እያየ የሚውል ሰው ነው። ሌክ ሁድ በዓለም ላይ ብዙ ሲፕሌን የሚመላለስበት ማረፊያ ነው። ሰውየው አብራሪ አይደለም፤ ዓይኑ ግን እንደ አብራሪ ነው። ከሁሉ በፊት የነገረን ሲፕሌን ፍሬን እንደሌላት ነው። ሞተሩ ከተነሳ ጀምሮ ትሄዳለች። ጅራቷ ሰፊ ስለሆነ ነፋስ ሲመታት አፍንጫዋ ራሱ ወደ ነፋስ ይዞራል። ከፍሎቶቹ ኋላ ውሃ ውስጥ የሚገቡ ትንንሽ መቅዘፊያዎች አሉ፤ በዝግታ ስትሄድ የሚመሯት እነሱ ናቸው። ለመነሳት ስትሮጥ ግን ወደ ላይ ይሰበሰባሉ። ነፋስ በጣም ሲበረታ ጀርባዋን ለነፋስ መስጠት ያቅታታል። ያኔ ፓይለቱ ሞተሩን ያዘገይና ነፋሱ እንደ ሸራ ጀልባ ወደ ኋላ እንዲነዳት ይተዋታል። በጅራቷ ወደ ዶክ ስትመጣ አይቻለሁ ይላል። ይህን ለማየት ብቻ አንኮሬጅ መሄድ አማረኝ።

ቀጥሎ ስለ ስቴፕ አስረዳ። የፍሎቱ ሆድ መሃሉ ላይ እንደ ደረጃ የተቆረጠ ነው። አውሮፕላኗ ስትጀምር እንደ ጀልባ ተዘፍቃ ትሄዳለች። ጉልበት ሲጨመር አፍንጫዋ ይቀናል፤ ፓይለቱ ለአፍታ ከፊት ለፊቱ ያለው አይታየውም። ከዚያ ወደ ፊት ዝቅ ብላ በፍሎቱ የፊት ክፍል ብቻ ውሃውን እየገረፈች ትንሸራተታለች። ስቴፕ ላይ ወጣች የሚባለው ያኔ ነው። ውሃው መያዙን ይተዋታል፣ ፍጥነቷ ይጨምራል። ሞገድ ካለ ግን አንዱ ሞገድ መትቶ ገና ሳትደርስ ወደ አየር ይወረውራታል። ትመለስና ሌላው ይመታታል። ያኔ ገስት ከመጣ 3ኛው ሰው ያለው ነገር ይደርሳል። ውሃው አጠገብ፣ ከክንፏ ርዝመት በታች በሆነ ከፍታ፣ አየሩ እንደ ትራስ ይደግፋታል። የቢቨር ክንፍ ጫፍ እስከ ጫፍ 14.6 ሜትር ነው። ከዚያ በታች የምትበር ትመስላለች። ትራሱን ስታልፍ ነው እውነቱ የሚወጣው።

9ኛው ሰው አመሰገነና ቢቨር ምን እንደሆነች ለማያውቁ አብራራ። ካናዳ የተሠራች፣ መጀመሪያ በፈረንጆች 1947 የበረረች፣ አንድ ሞተር ያላት ናት። ዛሬም ሌክ ዩኒየን ላይ ትሠራለች። እናቴ ያየቻት እሷ ናት።

10ኛው ተሳሳተ። እስካሁን መድረኩ ላይ ሰላም ነበር። ይህ ሰው በቆራጥነት የጻፈው፣ ስቴፕ ላይ ሆኖ መዞር አደገኛ የሚሆነው ከነፋስ ፊት ወደ ነፋስ ጀርባ ሲዞር ነው ብሎ ነው። 11ኛው ላዩ ላይ ወረደበት። ወረቀት ላይ ስሎ ፎቶ አነሳና ለጠፈው፤ ምስሉ ጥሩ ነበር፣ ቃሉ ግን መራራ። አንብቦ የማይገባው ሰው ባይጽፍ እንደሚሻል ጠቆመ። ምስሉን እኔ በቃል ልግለጸው። መኪና በፍጥነት ሲታጠፍ ሰውነታችን ወደ ውጭ እንደሚያዘነብለው አውሮፕላኗም ወደ ውጭ ታዘነብላለች። ነፋስ ደግሞ የመጣበትን ጎን ክንፍ ያነሳል። ከነፋስ ፊት ወደ ጀርባ ስትዞር ነፋሱ የሚያነሳው የውጪውን ክንፍ ስለሆነ ሁለቱ ይጣፋሉ። ከጀርባ ወደ ፊት ስትዞር ግን ነፋሱ የውስጡን ክንፍ ያነሳል። ሁለቱ ኃይሎች ይደመራሉ። የውጪው ፍሎት ውሃ ውስጥ ይሰምጣል፣ አውሮፕላኗም ልትገለበጥ ትችላለች። ስለዚህ ትክክሉ የ10ኛው ተቃራኒ ነው።

12ኛው 11ኛውን ማን ፓይለት አደረገህ አለው። በኮምፒውተር ሲሙሌተር ብቻ እንደሚበር እንደሚያውቅ፣ ወንበሩ እንኳ እንደማይነቃነቅ ጻፈ። 11ኛው ዝም አላለም፤ የሰፈር ስድብ ተከተለ። አወያዩ በ13ኛው ሁለቱንም ገሠጸ። ሁለት መልስ አጥፍቷል መሰለኝ፤ ምክንያቱም 12ኛውን ተመልሼ ሳየው አጥሯል። በዚህ ሁሉ መሃል 10ኛው ሰው በ14ኛው ተመልሶ መጣ። በክርክሩ አልገባም። ወረቀት አውጥቶ ራሱ እንደሣለው፣ እንደተሳሳተ፣ ለምስሉም እንደሚያመሰግን ጻፈ። ኢንተርኔት ላይ እንዲህ ያለ ሰው ብርቅ ነው።

15ኛው ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። ሁለት በጋ ሌክ ዩኒየን ዶክ ላይ የሠራ ልጅ ነው። ገመድ የሚያስር፣ ሻንጣ የሚጭን፣ ጠዋት ጠዋት ፍሎት የሚያደርቅ። ፍሎት ውስጡ በብዙ ክፍል የተከፋፈለ ነው፤ አንዱ ቢበሳ ሁሉም እንዳይሞላ። በየክፍሉ አናት ላይ ጣት የምታህል ቀዳዳ አለች፤ የልጅ ኳስ በምትመስል ጎማ ትደፈናለች። ጎማዋን ነቅሎ፣ የእጅ ፓምፕ ሰክቶ፣ ውሃ እስኪያልቅ ይስባል። ስንቴ እንደሳበ ይቆጥራል። ትናንት ሦስት የነበረው ክፍል ዛሬ ሃያ ከሆነ ለመካኒኩ ይነግራል። አንድ ፍሎት ውስጥ የቀረ ውሃ አውሮፕላኗን ወደ አንድ ጎን ያከብዳታል። በሰላማዊ ቀን አይታወቅም። የጎን ነፋስ በዚያው ላይ ሲጨመር ነው የሚታወቀው። ጧት በብርድ እጁ እየደነዘዘ እንደሚስብ ሲጽፍ ዘይቱና የውሃው ሽታ አብሮ የመጣ መሰለኝ።

ይኸው ልጅ ፓይለቱ አምስት ደቂቃ ምን እንዳየ ነገረኝ። ውሃው ላይ የሚሮጡትን ጥቁር ጥላዎች ነው ያየው። ገስት ሲመጣ ውሃውን ያሻክረዋል፤ የሻከረ ውሃ ከሩቅ ይጠቁራል። ስንት ሰከንድ ቆይቶ እንደሚረግብ፣ ቀጣዩ ከየት እንደሚመጣ ይቆጥራል። ከ10 ኖት ገደማ ጀምሮ የሞገዱ ጫፍ ነጭ አረፋ ማውጣት ይጀምራል፤ አረፋው ከበዛ ነፋሱም በርትቷል። ሌክ ዩኒየን ደግሞ በክዊን አን እና በካፒቶል ሂል ኮረብታዎች መሃል የተጋደመ ነው። ነፋሱ በኮረብታውና በሕንፃው ተጠምዝዞ ስለሚገባ ጋስ ወርክስ ፓርክ በኩል አንድ አቅጣጫ፣ ዶኩ በኩል ሌላ አቅጣጫ ይነፍሳል። በዚያ ላይ ቅዳሜ ሲሆን ካያክ የሚቀዝፈው፣ ሸራ ጀልባ ያለው ሁሉ ውሃው ላይ ነው። ነፋስ ተነሳ ብሎ ወደፈለጉበት ዞሮ መሮጥ አይቻልም።

ስልኩ ላይ ያየውም የነፋሱን ሁኔታ ይሆናል እንጂ አጭር መልእክት አልነበረም ማለት ነው። እኔ ቤት ስገባ ለባለቤቴ ሰውየው ስልኩን ሲነካካ ቆየ ብዬ ነግሬያት ነበር።

16ኛው ኬችካን፣ አላስካ፣ ዓሣ ፋብሪካ ስትሠራ የነበረች እህት ናት። ቶንጋስ ናሮውስ የሚባለው ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ላይ ሲፕሌኖቹ ከግዙፍ የመንገደኛ መርከቦች አጠገብ ይነሳሉ። መርከቡ እንደ ግንብ ነፋሱን ይከልላል። ከከለላው ሲወጡ ነፋሱ በአንድ ጊዜ ከጎን ይመታል። ከፋብሪካው መስኮት ታይ እንደነበር፣ አንዷ ክንፏ ሲነሳና አንድ ፍሎቷ ብቻ ውሃ ላይ ሲቀር ትንፋሿን እንደያዘች ጻፈች። 3ኛው ሰው በ17ኛው ተመልሶ፣ አንዳንዴ ፓይለቶች ሆን ብለው አንዱን ፍሎት ቀድመው እንደሚያነሱ ነገራት፤ የውሃውን መያዝ ለመቀነስ። ስለዚህ ያየችው ሁሉ አደጋ ላይሆን ይችላል። በጎን ነፋስ ላይ ግን መሪውን ወደ ነፋሱ አዙሮ የነፋስ በኩሉን ክንፍ ዝቅ ማድረግ ግዴታ ነው።

ከ18ኛው በኋላ መንገዱን ሳትን። ኢትዮጵያውያን ስለ አውሮፕላንና ስለ ውሃ አውርተን ኮሞሮስን ሳናነሳ አንቀርም። 18ኛው ሰው በ1989 የተጠለፈውን አውሮፕላናችንን አነሳ። 19ኛው 1996 ነው ብሎ አረመው። 20ኛው 1989 መሆኑን አጎቱ እንደነገረው፣ ማንም ሊያርመው እንደማይችል ጻፈ። 21ኛው ሁለቱም ትክክል እንደሆኑ፣ ኅዳር 14 ቀን 1989 እና ኖቬምበር 23፣ 1996 አንድ ቀን እንደሆነ አስታወሳቸው። አውሮፕላኑ ኤርባስ ነው ያለም ነበር፤ ቦይንግ 767 ነው።

22ኛው ግን ጨዋታውን ጸጥ አደረገው። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጅ ያለቀበትን አውሮፕላን ግራንድ ኮሞር ደሴት አጠገብ ባሕር ላይ ሲያወርዱት የግራ ክንፉ ቀድሞ ውሃውን ነካ። ከ175 ሰው 125ቱ ሞቱ። ከሞቱት ብዙዎቹ የሕይወት አድን ጃኬታቸውን ካቢኑ ውስጥ እያሉ የነፉ ነበሩ። ውሃ ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጣሪያው ገፋቸው፤ ጠልቀው በበሩ መውጣት አቃታቸው። ሰውየው ይህን የጻፈው ለሲፕሌንም ስለሚሠራ ነው። ሲፕሌን ስትገለበጥ ፍሎቶቹ ወደ ላይ፣ ካቢኑ ወደ ታች ይሆናል። ሰው በጨለማ ውሃ ውስጥ ተዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። ስለዚህ ጃኬት ውጭ ነው የሚነፋው። ቀበቶ ከመፍታት በፊት አንድ እጅ የበሩን እጀታ ወይም መስኮቱን መያዝ አለበት፤ ያለዚያ አቅጣጫ ይጠፋል። እናቴ ዶኩ ላይ ወገቧ ላይ ያሰሩላትን ቦርሳ የመሰለ ነገር አስታወስኩ። የገንዘብ መያዣ መስሏት ፓስፖርቷን ልትከትበት ነበር።

23ኛው በዝምታው መሃል ጣና ላይ ለምን ሲፕሌን የለንም ብሎ ጠየቀ። ባሕር ዳር ላይ ቁርስ፣ ጎርጎራ ላይ ምሳ! 24ኛው ጉማሬውን ማን ሊያስነሳልህ ነው አለው። እምቦጩም መቅዘፊያው ላይ ተጠምጥሞ ሲፕሌኗ ሰላጣ ተሸክማ እንደምትነሳ ጨመረበት። 25ኛው ግን ቁም ነገር አመጣ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ ነው። ክንፉ ያንኑ የማንሳት ኃይል እንዲያገኝ ውሃው ላይ ይበልጥ መፍጠን ይኖርበታል፤ ሞተሩም በስስ አየር ጉልበቱ ይደክማል። ሩጫው ይረዝማል። በረዘመ ሩጫ ላይ ደግሞ ሞገድና ገስት የመገናኘት ዕድሉ ይሰፋል። 26ኛው የባሕር ዳር ልጅ ነው። የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉት ሰዎች ጠዋት እንደሚሻገሩ፣ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ዳር ይዘው እንደሚቀመጡ አስታወሰ። አያቱ ታንኳ ቀዛፊ ነበሩ። ውሃው ሲጠቁር ቤታቸው ይገቡ ነበር። የዶኩ ልጅ ከሥሩ የልብ ምልክት ብቻ አደረገለት።

27ኛዋ ዱባይ የምትኖር ናት፤ ለሽርሽር ማልዲቭስ ሄዳ ሲፕሌን ተሳፍራለች። ፓይለቱ በባዶ እግሩ እንደሚበር በአድናቆት ጻፈች። ሌላ ያለችው ነገር የለም። 28ኛው አወያዩ ነው፤ ወደ ርዕሱ እንድንመለስ። ማንም አልሰማውም። 29ኛው ቢል ቦይንግ የመጀመሪያ አውሮፕላኑን ያስነሳው ከዚያው ከሌክ ዩኒየን፣ በጁን 1916፣ በፍሎት እንደሆነ ነገረን። እኔ ሲያትል ስኖር አላውቅም ነበር።

30ኛው 3ኛው ሰው፣ የሬንተኑ አብራሪ ነው። ያልጠበቅኩትን ጠየቀኝ። ዶኩ ላይ እናቴን ፎቶ አንስቻለሁ ብዬ ነበር። ነጠላዋ በየት በኩል ይውለበለብ እንደነበር ማወቅ ፈለገ። ዶኩ ላይ የነፋስ ማሳያ ከረጢት ካላየሁ ነጠላው እንደሚበቃው ጻፈ።

ስልኬን ከፈትኩ። አራት ፎቶ አለ፤ ተከታትለው የተነሱ፣ በመካከላቸው ሦስት አራት ሰከንድ ቢኖር ነው። በመጀመሪያው ነጠላው እንደ ባንዲራ ተዘርግቶ ወደ ግራ ተወጥሯል፤ እናቴ በሁለት እጇ ይዛው ትስቃለች። በሁለተኛው ትከሻዋ ላይ ዝም ብሎ ወድቋል፤ ጥበቡ ቀጥ ብሎ ይታያል። በሦስተኛው ወደ ቀኝ ሄዶ ፊቷን ሸፍኗታል። በአራተኛው የለም፤ ከኋላዋ ያለ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ከዶኩ ላይ ያነሳዋል። ቅዳሜ ማታ ይህን ፎቶ ለቤተሰብ ልኬ ስንስቅበት ነበር።

31ኛው የእኔ ነው፤ አራቱንም ለጠፍኳቸው። 32ኛው፣ አብራሪው፣ አንድ መስመር ጻፈ። እሱም ቢሆን አይነሳም ነበር። 33ኛው የዶኩ ልጅ ነው። አራተኛውን ፎቶ አጉልቶ አየው፤ ነጠላውን የሚያነሳው ሰው ፓይለቱ መሆኑን ከጃኬቱ ለየው። እኔ አላስተዋልኩም ነበር።

34ኛዋ ሰው ስለ ነፋስ አልጠየቀችም። ጥበቡ የት እንደተሠራ ማወቅ ፈልጋ ነው፤ ለእህቷ ሠርግ እንደዚያ ያለ ትፈልጋለች። እናቴ ደሴ ገብታለች፤ ደወልኩላት። ሽሮ ሜዳ ነው የገዛችው። ዋጋውን ግን አልነገረችኝም።